«ተረቴን መልሱ» ቢላቸው…

የእኛ አገር ተረት ነጋሪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ዳቦውስ ይገኝ ይሆናል፤ ተረቱን በደንብ አድርጎ የሚመልስ አድማጭ ግን ብርቅ ነው። ጅቡና አህያዋ በምን ቋንቋ ተግባቡ? ትናንት ማታ ሦስት የነበሩት ወንድማማቾች ዛሬ እንዴት አራት ሆኑ? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከተገኘ መልሱ ያው የታወቀው ነው፤ «ዝም ብለህ ስማ!»

ዛሬ የማወጋችሁ ዝም ብሎ መስማት እምቢ ስላላቸው ሰዎች ነው። ሳይንሳዊ ልቦለድ ይወዳሉ። ፊልሙን ያያሉ፣ መጽሐፉን ያነብባሉ፣ ከዚያ «ይሄኛው ካለፈው ጋር አይገጥምም» ብለው ይነሳሉ። አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ጠበቃ ሆኖ ይቆማል፣ ሦስተኛው አስታራቂ ሐሳብ ያመጣል። ክርክሩ በአንድ ምሽት የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ አለ። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ለማለት የሚቸኩል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳየው የያዙት ጥያቄ የዋዛ ሆኖ አላገኘሁትም። አንዴ ለሕዝብ የተነገረን ነገር ማን ነው የሚለውጠው? ሲለወጥስ የሰማነው ሰዎች ምን እንበል? (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በግንባር እንጀምር። ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም በኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1966 ነው። ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረው ይህ ታሪክ ኢንተርፕራይዝ የተባለች መንኮራኩር በከዋክብት መካከል ስትዘዋወር የሚገጥማትን ያሳያል። በ1967 ክሊንገን የሚባሉ ጦረኛ ፍጡራን ብቅ አሉ። ፊታቸው ጠቆር ተደርጎ ተቀብቷል፣ ፂማቸው ሾል ብሏል፤ ከዚያ በተረፈ ያው ሰው ናቸው። ለቴሌቪዥን የተመደበችው ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ሜካፕ አትገዛም ነበር። ከዚያ ተከታታዩ በ1969 ተቋረጠ። በ1979 ታሪኩ ትልቅ ባጀት ይዞ ወደ ሲኒማ ቤት ሲመጣ ግን ክሊንገኖቹ ሌላ ሆነው መጡ። ግንባራቸው ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት የተደረደረ አጥንት በቅሏል!

እንግዲህ ጉድ ፈላ። አንዱ ወገን «ድሮም እንዲህ ነበሩ፤ ገንዘብ ጠፍቶ ነው ያላየናቸው» አለ። ሌላው «የለም፣ ሁለት ዓይነት ክሊንገኖች አሉ፤ የቆላና የደጋ እንደምንለው» አለ። ሦስተኛው ወገን «አንድ ነገር ደርሶባቸዋል፤ ወይ በሽታ ነው፣ ወይ ዘራቸውን የነካካ አለ» አለ። እያንዳንዱ ወገን ማስረጃውን ከየክፍሉ እየለቀመ ያቀርባል።

ባለፊልሞቹ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በ1996 የስታር ትሬክ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ግን አንድ የሚያስቅ ነገር ሠሩ። የአዲሱ ተከታታይ ጀግኖች በጊዜ ወደ ኋላ ተጉዘው በ1967 የተቀረፀ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲገቡ አደረጉ። በኮምፒዩተር ጥበብ አዲሶቹ ተዋንያን ከአሮጌዎቹ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ታዩ። ከአዲሶቹ መካከል ዎርፍ የሚባል ባለ ሰንሰለታማ ግንባር ክሊንገን አለ። መጠጥ ቤት ተቀምጠው ሳለ ልሙጥ ግንባር ያላቸውን የድሮዎቹን ክሊንገኖች ያያሉ። ባልደረቦቹ ዞረው ዎርፍን አፈጠጡበት። ምን ሆናችሁ ነው? ዘራችሁን ነካክታችሁ ነው? ቫይረስ ነው? ዎርፍ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይህን ጉዳይ ለባዳ እንደማያወሩት ነገራቸውና አረፈ።

ቀልድ ነው፤ ግን ልብ በሉ። ባለፊልሞቹ በዚች ቀልድ «አይተናችኋል፤ ስትጠይቁም ሰምተናል» ማለታቸው ነበር። ሙሉው መልስ የመጣው በፌብሩዋሪ 2005 ነው። ኢንተርፕራይዝ በተባለው ሌላ ተከታታይ ውስጥ በሁለት ክፍሎች እንደተተረከው፣ የክሊንገን ሊቃውንት የተሻለ ወታደር እንፍጠር ብለው ከሰው የተገኘ የዘረመል ጥበብ ሲሞክሩ ነገሩ ወደ ቫይረስ ተለወጠባቸው። መድኃኒቱ ነፍሳቸውን ሲያተርፍ ግንባራቸውን ግን ልሙጥ አድርጎ አስቀረው። የዎርፍ ባልደረቦች በቀልድ የወረወሯቸው ሁለቱም ግምቶች ልክ ሆነው ቁጭ አሉ። ከ1979 እስከ 2005 ቁጠሩ፤ 26 ዓመት ነው። በአንድ ግንባር!

ሌሎችም አሉ። የመንኮራኩሯ አዛዥ ካፒቴን ከርክ በ1966 በታየ አንድ ክፍል ውስጥ በመቃብር ድንጋይ ላይ ስሙ «ጄምስ አር. ከርክ» ተብሎ ይታያል። በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን «ጄምስ ቲ. ከርክ» ሆነ። በመታወቂያ ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል የምታመጣውን ጣጣ የምናውቅ ሰዎች ይህ አይገርመንም። የባሰው የ1982ቱ ፊልም ነው። ካን የተባለው ክፉ ሰው ቼኮቭ የተባለውን መኮንን ገና እንዳየው ያውቀዋል። ካን በቴሌቪዥን የታየው በፌብሩዋሪ 1967 ሲሆን ቼኮቭ ግን ተከታታዩ ውስጥ የገባው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ነው። ታዲያ የት ተያዩ? አድናቂዎቹ መፍትሔ አላጡም፤ «ቼኮቭ ያኔም መንኮራኩሯ ላይ ነበር፣ የታችኛው ክፍል ሠራተኛ ስለነበረ ካሜራው አላየውም» አሉ። ቼኮቭን ሆኖ የተጫወተው ዋልተር ኬኒግ ራሱ ነገሩን ቀልድ አድርጎ፣ ቼኮቭ ሽንት ቤት ይዞ ካንን ውጭ ስላስጠበቀው ነው ፊቱን ያልረሳው እያለ ያስቅ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ክርክር ከቴሌቪዥን በፊትም ነበረ። በ1911 ሮናልድ ኖክስ የተባለ ወጣት ምሁር፣ ኋላ የካቶሊክ ቄስ የሆነው፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ስለ ሼርሎክ ሆምስ አንድ ጥናት አነበበ። ነገሩ ጨዋታ ነው። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስን በሚመረምሩበት መንገድ የመርማሪውን ታሪኮች መረመረ፤ ይኼ ከዚያ ጋር አይስማማም፣ ይህን የጻፈው ሌላ እጅ ነው፣ እያለ። ማስረጃ አልጠፋም። የሆምስ ወዳጅ ዶክተር ዋትሰን በ1887ቱ መጽሐፍ የቆሰለው ትከሻው ላይ ነው፤ በ1890ው መጽሐፍ ቁስሉ እግሩ ጋ ወርዷል። ስሙ ጆን ኤች. ዋትሰን ሆኖ ሳለ ሚስቱ በ1891 በታተመ ታሪክ ውስጥ «ጄምስ» ብላ ትጠራዋለች። ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ ይህን አስታረቀችው፤ «ኤች» የምትለዋ ፊደል ሄሚሽ ናት፣ ሄሚሽ ደግሞ በስኮትላንዶች አጠራር ጄምስ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሚስቱ የመሐል ስሙን እያቆላመጠች ነው አለች። ደራሲው ኮናን ዶይል የኖክስን ጥናት አንብቦ በ1912 ደብዳቤ ጻፈለት። ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ይህን ያህል መድከሙ አስቆት፣ አስገርሞትም ነበር።

ይህን ስሰማ ወዲያው የታወሰኝ የእኛው የትርጓሜ ቤት ነው። ቅዱስ መጽሐፍን ከልቦለድ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ ስለ ዘዴው ነው የማወራው። ማቴዎስ በኢያሪኮ መንገድ ሁለት ዕውሮች እንደነበሩ ይጽፋል፤ ማርቆስ አንዱን በርጤሜዎስን ብቻ ይጠቅሳል። ጉባኤ ቤት የዋለ ሰው እንዲህ ያለውን ዘሎ አያልፍም። «ስለ ምን ቢሉ» ብሎ ጥያቄውን ራሱ ያነሳል፤ ከዚያ አንድ መልስ ይሰጣል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። የቀደመውን መልስ አይሰርዘውም። አንድምታ የተባለው ይህ ነው። የውጭዎቹ አድናቂዎችም ቃሎቻቸውን ከቤተ ክርስቲያን ነው የተዋሱት። ትክክለኛ የሚሉትን ታሪክ «ካነን» ይሉታል፤ ቀኖና ማለት ነው። ቢጆ ትሪምብልና ጓደኞቿ በ1969 የስታር ትሬክን ሰዎች፣ ቦታዎችና ክፍሎች ሁሉ ዘርዝረው ያሳተሙትን መጽሐፍ «ኮንኮርዳንስ» ነው ያሉት፤ የመጽሐፍ ቅዱስን ቃላት ማውጫ በሚጠሩበት ስም።

ያ ዘመን ደግሞ እንደ ዛሬ አልነበረም። ቪዲዮ ካሴት ቤት አልገባም፤ ፊልሙ አንዴ ካመለጠህ እስኪደገም መጠበቅ ነው። ስለዚህ ደብተር ይዘው፣ ጨለማ ውስጥ እየጻፉ ነው ያዩት። ተከታታዩ ሊቋረጥ ነው ሲባል ደብዳቤ አዝንበው በ1968 ለሦስተኛ ዓመት እንዲቀጥል የታገሉትም እነሱ ናቸው። እንግዲህ ታሪኩን በደብተር ያቆየ ሰው «ትናንት እንዲህ አልነበረም ያልከኝ» ቢል ምን ይገርማል?

ባለታሪኩ ሲጠየቅ ምን ያድርግ? ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የነካው የላሪ ኒቨን ነገር ነው። ኒቨን በ1970 «ሪንግወርልድ» የተባለ ልቦለድ አሳተመ፤ የቀለበት ዓለም ማለት ነው። ሐሳቡ ያስደምማል። አንድን ኮከብ ዙሪያውን የከበበ ግዙፍ ቀለበት አስቡ። ከኮከቡ ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ ያላትን ያህል ነው፤ ወርዱ ወደ አንድ ሚሊዮን ማይል ይጠጋል። ሰዎች የሚኖሩት በውስጠኛው ገጽ ላይ ነው፤ ቀለበቱ ስለሚሽከረከር መሬት እንደሚስበን ሁሉ ወደ ወለሉ ይጫናቸዋል። መጽሐፉ ሁጎ እና ኔቡላ የተባሉትን ሁለቱንም ትልልቅ ሽልማቶች ወሰደ።

ከዚያ አንባቢዎቹ መጡ። መጀመሪያ የመጽሐፉን መግቢያ ያዙ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁለት መቶኛ ልደቱን ለማራዘም ከአገር አገር በቅጽበት እየዘለለ ከእኩለ ሌሊት ይሸሻል፤ የሚዘለው ግን ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ ምሥራቅ ከሄደማ እኩለ ሌሊትን ሊቀበለው ነው እንጂ ሊያመልጠው አይደለም! ኒቨን በኋላ ኅትመት አረመው፤ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ኅትመት ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዕቃ ሆኗል። የከበደው ጥያቄ ግን ቀጥሎ መጣ። በ1971 ቦስተን ውስጥ የዓለም ሳይንሳዊ ልቦለድ ጉባኤ ሲካሄድ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በሆቴሉ ኮሪደር እየተዘዋወሩ «የቀለበቱ ዓለም አይረጋም!» እያሉ እንደ ሰላማዊ ሰልፈኛ ጮኹ።

እውነታቸውን ነው። ፕላኔት በፀሐይ ዙሪያ ሲዞር ራሱን ይጠብቃል። አንድ ወጥ ቀለበት ግን ጣት ላይ እንደቆመ ዱላ ነው። ልክ መሐል ላይ እስካለ ይቆማል፤ ትንሽ ዘንበል ካለ ግን ወደ ኮከቡ የቀረበው ጎኑ አብልጦ ይሳባል፣ ሲሳብ የበለጠ ይቀርባል፣ ሲቀርብ የበለጠ ይሳባል፤ መጨረሻው ከኮከቡ ጋር መላተም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የሳተርንን ቀለበቶች ሲያጠና፣ አንድ ወጥ ጠጣር ቀለበት እንደማይረጋ በሒሳብ አሳይቶ በ1859 አሳትሞት ነበር። በፍሎሪዳ ደግሞ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ተማሪዎች ቁጭ ብለው አስልተው፣ የዚያ ዓለም ለም አፈር በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ታጥቦ ባሕር ውስጥ እንደሚገባ ደረሱበት። የአፈር መታጠብ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም።

ኒቨን ምን አደረገ? «ልቦለድ እኮ ነው፣ ምን አጨቃጨቃችሁ!» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጽፎ በ1980 አወጣ። በዚያ መጽሐፍ እንደሚተረከው ቀለበቱን የሠሩት መሐንዲሶች በጠርዙ ላይ የሚያስተካክሉ ሞተሮች ገጥመውለት ነበር። ነዋሪዎቹ ግን ሞተሮቹን እየነቀሉ ለመንኮራኩሮቻቸው ተጠቀሙባቸው። አሁን ቀለበቱ እየተንሸራተተ ነው፤ ካልተደረሰለት ያ ሁሉ ሕዝብ ያልቃል። የአፈሩም ነገር መልስ አገኘ፤ ከባሕር ወለል ደለሉን እየሳበ በጠርዙ አናት ላይ መልሶ የሚያፈስ ቧንቧ ተበጀለት። ተማሪዎቹ ስህተት ያሉት ነገር የአዲሱ መጽሐፍ ዋና ጭንቀት ሆነ። ኒቨን ይህ ሁሉ ከአንባቢዎቹ እንደመጣ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ተናግሯል። ያልተገላበጠ ያራል ይባላል፤ እነሱ አገላበጡለት፣ እሱም አልተቆጣም።

የጆርጅ ሉካስ መንገድ ሌላ ነው። ስታር ዋርስ በ1977 ሲወጣ ሃን ሶሎ የሚባል ኮንትሮባንዲስት ነበረበት። መጠጥ ቤት ውስጥ ግሪዶ የሚባል ቅጥር አዳኝ ሽጉጥ ደግኖበት ይቀመጣል። ሃን እያዋዛ በጠረጴዛው ሥር የራሱን መሣሪያ ያወጣና ይገድለዋል። በ1997 ፊልሙ ሃያኛ ዓመቱን ይዞ ታድሶ ሲታይ ግን ግሪዶ ቀድሞ ተኩሶ፣ በጠረጴዛ ርቀት ሳተውና፣ ሃን ከዚያ በኋላ ገደለው። በ2004 ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚተኩሱ እስኪመስል ተቀራረበ። በ2019 እንደገና ተነካካ።

«ማን ቀድሞ ቢተኩስ ምን ቸገረኝ?» ትሉ ይሆናል። አድናቂዎቹን ግን ቸገራቸው፤ «ሃን ነው ቀድሞ የተኮሰው» የሚል ካናቴራ አሠርተው ለበሱ። ምክንያት አላቸው። ሃን መጀመሪያ ላይ ለራሱ ብቻ የሚኖር ጨካኝ ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ጓደኞቹን ለማዳን ተመልሶ ይመጣል። የሰውየውን ለውጥ ትልቅ ያደረገው የመነሻው ክፋት ነው። ክፋቱን ካጠብከው ንስሐውንም አብረህ አጠብከው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

የሚገርመው፣ ይኸው ሉካስ በ1988 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የድሮ ፊልሞችን ባለንብረቶቹ እንዳሻቸው እንዳይለውጧቸው ተከራክሮ ነበር፤ ያኔ ጥቁርና ነጩን ፊልም ቀለም መቀባት የተለመደበት ጊዜ ነው። በፍትሕ እንነጋገር ካልን እሱም መልስ አለው። እሱ የተቃወመው ሌላ ሰው የደራሲን ሥራ እንዳይነካ ነው፤ ይህ የራሱ ሥራ ነው፣ የ1977ቱም እንደፈለገው ሳይጠናቀቅ የወጣ ነበር ይላል። ክርክሩም እዚህ ላይ ነው የሚከረው። ሥራው የእሱ ነው፤ እሺ። ትዝታውስ የማን ነው? በብራና መጻሕፍታችን ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የተተካባቸው ብዙ ናቸው። ብራናው ሲፋቅ ግን ዱካው ይቀራል፤ የሚያውቅ ዓይን «እዚህ ላይ ሌላ ስም ነበረ» ይላል። ከአድናቂዎቹም አንዳንዶቹ በ1977 ሲኒማ ቤት የታየውን የፊልም ጥቅል አፈላልገው፣ ጥርጊያውንና ጭረቱን አጽድተው፣ በዲጂታል ገልብጠው ያኖሩት ለዚሁ ነው። ዱካው እንዳይጠፋ።

ባለቤት ሲለወጥ ደግሞ ታሪክም ይለወጣል። ዲዝኒ የሉካስን ኩባንያ በ2012 ገዛ። በአፕሪል 2014 ኩባንያው፣ ለዓመታት የታተሙት የስታር ዋርስ ልቦለዶችና ኮሚኮች ከአሁን ጀምሮ የታሪኩ አካል ሳይሆኑ «አፈ ታሪክ» ተብለው እንደሚጠሩ አስታወቀ። በነዚያ መጻሕፍት ያገቡ፣ የወለዱ፣ የሞቱ ገጸ ባሕርያት ባደሩበት አልተገኙም። አዲስ ጌታ ሲመጣ የቀድሞው ዜና መዋዕል አፈ ታሪክ ሲባል መስማት ለጆሯችን እንግዳ አይደለም መሰለኝ።

አድናቂዎቹን ሁሉ ጻድቅ አላደርጋቸውም። ደብተሩ ዱላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዲሴምበር 2017 የወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ብዙ አከራከረ፤ አንዲት መንኮራኩር በብርሃን ፍጥነት ሌላዋን ገጭታ መሰንጠቅ ከቻለች ቀድሞ በነበሩት ጦርነቶች ማንም ለምን አልሞከረውም ተባለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የተወሰኑት ግን ጥያቄውን ትተው ተዋናይቷን ኬሊ ማሪ ትራንን በዘሯና በመልኳ ይሰድቧት ጀመር። በ2018 ከኢንስታግራም ገጿ ላይ ሁሉንም አጥፍታ ወጣች። ይህ ክርክር አይባልም። ጉባኤ ቤት ጥያቄው የሚቀርበው ለተጻፈው ቃል ነው፤ ቃሉን የተሸከመውን ሰው የሚደበድብ ተማሪ ከጉባኤው ይወጣል እንጂ «አንድም» አይባልለትም።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ባለታሪክ አየን። አንዱ ዘግይቶም ቢሆን መልስ ፈልጎ አመጣ፤ አንዱ የተነገረውን ስህተት በአደባባይ ተቀብሎ ሌላ ታሪክ ሠራበት፤ አንዱ ደግሞ የፊተኛውን ፋቀና «ድሮም እንዲህ ነው» አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ ሁለት መቶ ክፍል የሚጽፍ ሰውማ እንዴት አይሳሳት። ከባዱ ስህተቱ አይደለም፤ ሰው በዓይኑ ያየውን አላየህም መባሉ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መልሰህ አትውጠውም፣ የምትችለው ሌላ ቃል መጨመር ብቻ ነው።

ስለዚህ በግንባር አጥንት 26 ዓመት የተከራከሩትን ሰዎች ሥራ ፈቶች ለማለት ምላሴ አይታዘዝልኝም። ለማይኖር ሕዝብ፣ ላልተደረገ ጦርነት ይህን ያህል ትዝታቸውን ከጠበቁ፣ ለተደረገው ምን ያህል ይጠብቁ ይሆን? ቤታችሁ ውስጥ «ትናንት ሦስት ነበሩ አላልክም?» የሚል ልጅ ካለ እባካችሁ ዝም በል አትበሉት። ወይ መልሱለት፣ ወይ «ልክ ነህ፣ አራተኛው የት እንደነበረ እስቲ አብረን እንፈልግ» በሉት።